«ሃይማኖት የለውም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣውን ጥያቄ ያገኘነው ከራሳችን ጥፋት ነው። ስለዚህ አስቀድመን ጥፋቱን እንናገርና ከዚያ በኋላ ወደ ጥያቄው እንገባለን።

ከመርሳ፣ ከሲሪንቃና ከወልድያ ወጥተን በየዩኒቨርሲቲው የተበተንን አብሮ አደጎች አንድ አነስተኛ መዋጮ አለን። ሲመሠረት 10 ክርስቲያኖችና 4 ሙስሊሞች ነበርን። በየወሩ 100 ብር እናዋጣለን፤ ለመጓጓዣ ወይም ለጽሑፍ ማባዣ የቸገረው ሲኖር ከዚያ ይሰጠዋል። ገንዘቡንና ደብተሩን ለ3 ዓመት የያዘው ከእኛው ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ጓደኛችን ነበር። ስሙን አንጽፍም። በሦስተኛው ዓመት ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቀን ጠዋት አብረን ሳለን ቁርስ በልቶ እንደመጣ ሳይደብቅ ነገረን። ታምሞ እንደሆነ ጠየቅነው። «አልታመምኩም» አለን። «ከአንድ ዓመት ወዲህ ማመን አልቻልኩም። ጸልዬም ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ለእናንተ መዋሸት ስላልፈለግሁ ነው የምነግራችሁ።»

ማንም አልሰደበውም፤ ሰላምታም አልነሣነውም። ነገር ግን በሳምንቱ እርሱ በሌለበት ተሰብስበን ደብተሩን እንዲያስረክብ ወሰንን። አንዱ «ለጥንቃቄ ነው» አለ፤ ሌላው «ገንዘብ የሚይዝ ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔር ያስፈልገዋል» አለ። ደብተሩንም ከሙስሊም ወንድሞቻችን ለአንዱ ሰጠነው። «እርሱ እንኳ ሶላቱን የማያቋርጥ፣ ፈጣሪውን የሚፈራ ልጅ ነው» ተባባልን። በዚህም ውሳኔ ውስጣችን ትንሽ ኮራ፤ ወሎዬነታችንን ያስመሰከርን መሰለን።

ሒሳቡ ሲመረመር አንዲት ሳንቲም አልጎደለም። እንዲያውም በአንድ ወር የአንድ ልጅ መዋጮ ቢቀር ጓደኛችን ከኪሱ ሞልቶ ነበር። ደብተሩን ሲያስረክብ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በ3 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሒሳብ አሳየን አላላችሁኝም። ዛሬ ምን አጠፋሁ?» መልስ አልነበረንም። ይህን የምንጽፈው ያን ጊዜ ያጣነውን መልስ ለመፈለግ ነው።

ወሎ በመቻቻል ስሙ የታወቀ አገር ነው። በሀብሩ ገጠርም ሆነ በወልድያ ከተማ አጎቱ ሙስሊም፣ አክስቱ ክርስቲያን የሆነች ሰው ማግኘት አያስቸግርም። ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም በየራሱ ይታረዳል፤ ድስቱና ጭልፋው ይለያያል፤ ደስታው ግን የጋራ ነው። ሞት ሲመጣም ቅሬ የምንለው መረዳጃችን ሟቹ የማን ወገን ነው ሳይል ይወጣል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊም ጎረቤቱን ለቅሶ ይቀመጣል፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ወዳጁን አስከሬን እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሸኛል። ይህን ሁሉ በኩራት እንናገራለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው።

ሆኖም ትልልቆቻችን ሰውን ሲያመሰግኑ ልብ ብለን ብናዳምጥ በዚህ መቻቻል ውስጥ የተደበቀች አንዲት ቅድመ ሁኔታ እናገኛለን። «ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ብቻ ሃይማኖት ይኑረው» ይባላል። ይህ አባባል ሁለት ሕዝብን ለዘመናት አብሮ ያኖረ የፍቅር ቃል ነው። ግን «ብቻ» የምትለው ቃል አንድን ሰው ከደጅ ታስቀራለች፤ ይኸውም ከሁለቱም ያልሆነውን ሰው። እኛም ደብተሩን ስንቀማ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሙስሊሙን ጓደኛችንን ያመንነው ሃይማኖት ስላለው ነው፤ ያኛውን የተጠራጠርነው ሃይማኖት ስለሌለው ነው። የሁለቱንም ሥራ አላየንም።

ቋንቋችንም ሳናውቀው ይህንኑ ያስተምረናል። «አመነ» ከሚለው ግስ አማኝም ታማኝም ይወጣሉ፤ በመካከላቸው የአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ አለ። «ካደ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ፈጣሪውን የካደ፣ አገሩን የካደ፣ የተበደረውን ገንዘብ የካደ፣ ሁሉም በአንድ ቃል «ከሃዲ» ይባላል። «አረመኔ» የሚለው ቃል ያላመነውን ሕዝብ ሲያመለክት ኖሮ ዛሬ ጨካኝ ለምንለው ሰው ስም ሆኗል። «ማተብ የለውም» የተባለ ሰውም አንገቱ ላይ ክር ስለማጣቱ ብቻ አይደለም የሚነገረው፤ ቃሉን የማይጠብቅ ነው ማለት ነው። እንግዲህ «ማመን አልቻልኩም» የሚል ወጣት ገና አፉን ሲከፍት፣ ሌባና ጨካኝ የሚሉት ትርጉሞች አብረው ይከተሉታል። እርሱ ስለ አንድ ነገር ተናገረ፤ እኛ ሦስት ነገር ሰማን።

ይህ በዕለት ኑሮ በብዙ መንገድ ይታያል። «እንደምን አደርክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ያላለ ሰው እንደ ኩሩ ይቆጠራል። ልጅቷን ሊያገባ የመጣ ወጣት ትምህርቱና ጠባዩ ከመጠየቁ በፊት ሃይማኖቱ ይጠየቃል፤ «የለኝም» ቢል ሽማግሌዎቹ ቀሪውን አይሰሙም። የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ለእንዲህ ያለው ሰው የራሱ ስም የለውም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ውጤት ላይ የተዘረዘሩት ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ፣ እስልምና፣ ባህላዊና «ሌሎች» ናቸው። በሰሜን ወሎ ዞን ከ100 ሰው 83 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 17 ያህሉ ሙስሊም ሆኖ ሲመዘገብ ለቀረው ሁሉ የተረፈው ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ሃይማኖት እንደሌላቸው ሰንጠረዡ አይናገርም። ምን ያህሉስ ከ83ቱና ከ17ቱ መካከል ገብተው በዝምታ እንደተቆጠሩ ማን ያውቃል?

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሞት ነገር ነው። በእኛ አካባቢ የመቃብር ቦታ የሃይማኖት ነው። ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይቀበራል፣ ሙስሊሙም የራሱ መካነ መቃብር አለው። የንስሐ አባት የሌለው ሰው ሲታመም ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ነገር «የት እንቀብረዋለን?» የሚለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐትን ለማን እንደምታደርግ የራሷ ሥርዓት አላት፤ ያንን ልንከራከር አልተነሣንም። የምንለው ይህ ነው፦ በሕይወቱ ለጎረቤቱ ጉድጓድ ሲቆፍርና ቃሬዛ ሲሸከም የኖረ ሰው ለራሱ ጉድጓድ ሲሰጋ ካደረ፣ ይህ ሥጋት የክርስቲያን ጎረቤቶቹንም ሊያሳስብ ይገባል።

ይህ ጥርጣሬ ከየት መጣ? መነሻው ሁሉ ክፋት ነው ማለት እውነት አይሆንም። የመጀመሪያው ምክንያት መሐላ ነው። ፖሊስ ባልነበረበት፣ ባንክ ባልነበረበት፣ ውል በወረቀት በማይጻፍበት ዘመን ሰው ከሰው ጋር የሚተማመነው በመሐላ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አገሬው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ይምላል፤ ድንበር ሲያከራክር ሽማግሌው ይምላል። ፈጣሪን የማይፈራ ሰው ደግሞ በምን ይምላል? ይህ ሥጋት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ጆን ሎክ የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ በ1689 እ.ኤ.አ. ስለ መቻቻል በጻፈው ደብዳቤ የሃይማኖት ነጻነትን እጅግ ሲሟገት ቆይቶ፣ እግዚአብሔር የለም የሚሉትን ግን ከመቻቻሉ አወጣቸው። ምክንያቱም መሐላና ቃል ኪዳን አይዟቸውም የሚል ነበር። የ«ብቻ ሃይማኖት ይኑረው» አባባል በአውሮፓም ነበረች ማለት ነው። ፒየር ቤይል የተባለው ፈረንሳዊ ግን ከሎክ 7 ዓመት ቀድሞ ስለ ጅራታም ኮከብ በጻፈው መጽሐፉ፣ ሰው የሚኖረው ሁልጊዜ በሚናገረው እምነት አይደለም፣ ስለዚህ የማያምኑም ሰዎች በጨዋነት ሊኖሩ ይችላሉ ብሎ ተከራክሯል። የአገራችንም ሕግ ቢሆን ለዚህ ቀዳዳ ትቷል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክሩ እንዲምል ወይም ሳይምል እውነት ለመናገር ቃል እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ላይ የሃይማኖትን ነጻነት ከሕሊና ነጻነት ጋር አብሮ አስቀምጦታል።

ሁለተኛው ምክንያት የቅርብ ጊዜ ቁስል ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ኅብረተሰባዊነትን ካወጀ በኋላ ሃይማኖትን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ይሰብክ ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። ወላጆቻችን «ሃይማኖት የለሽ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሚታያቸው ይህ ነው፤ ልንነቅፋቸው አንችልም። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ብናነብ ሌላም ነገር እናገኛለን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ከተገደሉት ወጣቶች ብዙዎቹ ራሳቸው የማርክስን ትምህርት የሚከተሉ ነበሩ። ገዳዩም ተገዳዩም አንድ መጽሐፍ ያነብ ነበር። ስለዚህ አንዱን ገዳይ ያደረገው አለማመኑ ቢሆን ኖሮ፣ ሌላውን ስለ ወገኑ እንዲሞት ያደረገው ምን ነበር እንላለን?

ሦስተኛው ምክንያት ከእነዚህ ሁሉ የጠለቀ ይመስላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ በ13 አገሮች ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ። ተጠያቂዎቹ በልጅነቱ እንስሳትን ሲያሠቃይ ቆይቶ ኋላ ሰው ስለገደለ አንድ ሰው ታሪክ ይነበብላቸዋል። ከዚያም ለገሚሶቹ ይህ ሰው «መምህር» ወይስ «መምህርና አማኝ» እንደሆነ፣ ለገሚሶቹ ደግሞ «መምህር» ወይስ «መምህርና የማያምን» እንደሆነ እንዲገምቱ ይጠየቃሉ። ብዙዎቹ ነፍሰ ገዳዩን የማያምን አድርገው ገመቱት፤ አማኝ ነው ብለው የገመቱት ግን ጥቂቶች ናቸው። የሚያስገርመው፣ ራሳቸው የማያምኑ ተጠያቂዎችም እንዲሁ መገመታቸው ነው። ይህ ጥርጣሬ ሳይመከርበት ከሆድ የሚወጣ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። እኛም ደብተሩን ስንቀማ አስበን አልነበረም፤ ማሰብ የጀመርነው እርሱ ከጠየቀን በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ተነሥቶ፣ «ታዲያ ፈሪሃ እግዚአብሔር ምንም አይጠቅምም ልትሉን ነው?» ብሎ ቢጠይቀን መልሳችን አይደለም የሚል ነው። እግዚአብሔርን መፍራት ስንቶቻችንን በሌሊት፣ ሰው በሌለበት፣ ከክፉ ሥራ እንደመለሰን እያንዳንዳችን እናውቃለን። ነገር ግን «እኔን የሚመልሰኝ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው» ማለትና «እርሱ ከሌለው የሚመልሰው የለም» ማለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ፣ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ እንኳ የሕግን ሥራ በልባቸው ተጽፎ እንደሚገኝ፣ ሕሊናቸውም እንደሚመሰክርባቸው ያስተምራል። ያን ሕሊና በልብ የጻፈው ማን ነው ብለን እናምናለን? እግዚአብሔር ነው ካልን፣ በጓደኛችን ልብ ውስጥ ያለውን የእግዚአብሔርን ጽሕፈት ሳናነብ ነው ደብተሩን የቀማነው።

ይህ በአገራችን ኑሮም ታይቷል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲፈጅ፣ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከቆረም ያስተላለፈውን ዘገባ አይቶ ሙዚቀኞችን ያስተባበረውና በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ትልቁን የእርዳታ ዝግጅት ያዘጋጀው አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ እምነት እንደሌለው በግልጽ የሚናገር ሰው ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅቶችም በዚያው ጊዜ እህል ሲያመላልሱ ነበር፤ እርዳታው እንዴት እንደተዳረሰም ብዙ ክርክር ተደርጓል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ የወሎ ሕዝብ ሲራብ ልባቸው ከተነካው ሰዎች መካከል የሚያምንም የማያምንም እንደነበረ የሚክድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጥርጣሬያችን በጓደኛችን ላይ ምን አደረገ? ባለፈው ገና ሰሞን ከመካከላችን በአንዱ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ነበር። የጓደኛችን እናት «እንደምን ነህ ልጄ? ጾሙንስ እንዴት አደረግኸው?» ብለው ጠየቁት። «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፤ ደህና ጾምኩ» አለ። እኛ ሁላችን ወደ ሲኒያችን አቀረቀርን። ከዓመት በፊት ለእኛ መዋሸት አልፈልግም ብሎ እውነቱን የነገረን ልጅ ነው። እውነቱን በመናገሩ ምን እንዳገኘው ስላየ ዛሬ መዋሸትን ለመደ። መዋሸትን ያስተማርነው እኛ ነን። የማያምን ሰው አይታመንም አልን፤ ከዚያም የሚታመነውን ሰው እንዳይታመን አድርገን አበላሸነው።

ወሎ ይህን ትምህርት ከማንም በፊት ሊያውቀው የሚገባ አገር ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ብዙ ሕዝብም ተጠመቀ። ነገር ግን በትእዛዝ ከተጠመቀው መካከል ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረው ብዙ እንደነበረ በታሪክ ይነገራል። ከዚያ በኋላ አያቶቻችን የደረሱበት መደምደሚያ እያንዳንዱ በሃይማኖቱ ይኑር የሚል ነው፤ የዛሬው ኩራታችን የተሠራው በዚያ ላይ ነው። ሙስሊሙን በግድ ክርስቲያን ማድረግ አስመሳይ ክርስቲያን እንደሚያፈራ ካወቅን፣ የማያምነውንም በጥርጣሬና በማግለል «አምናለሁ» ማሰኘት ሌላ ፍሬ አያፈራም። በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብም ላይ ይህንኑ እናገኛለን። ጸሐፊው በፈጣሪ የሚያምን ሆኖ የየሃይማኖቱን ሥርዓት ግን የሚመረምር ሰው ነው፤ በእንፍራዝ ሲኖር ሰዎች እንደ እነርሱ ክርስቲያን አድርገው እንዲያዩት ልቡን ሸሽጎ መኖሩን ይናገራል። መጽሐፉ በእርግጥ በ17ኛው መቶ ዓመት በዘርዓ ያዕቆብ የተጻፈ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት በአንድ የውጭ አገር ሰው እጅ የሚለው ክርክር ዛሬም አልቆመም። የቱም ቢሆን ልብን መሸሸግ እንዴት እንደሚኖር የጻፈው ሰው ነገሩን የሚያውቅ ነው።

እኛ ክርስቲያኖችም ይህን ስድብ የቀመስን ነን። በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም ግዛት «አምላክ የለሽ» እየተባሉ ይከሰሱ የነበሩት ክርስቲያኖች ናቸው። ለከተማው ጣዖታት ስለማይሠዉ ሕዝቡ አምላክ እንደሌላቸው ይቆጥራቸው ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ክፉ ሥራ ሁሉ ይለጠፍባቸው ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በጻፈው መከላከያ ይህን ክስ መመለስ ግድ ሆኖበታል። በሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ በፖሊካርፖስም ላይ ሕዝቡ የጮኸው በዚሁ ስም ነው። አባቶቻችን ዳኞቹን የለመኑት ስማችንን ሳይሆን ሥራችንን መርምሩ እያሉ ነበር። እነርሱ የለመኑትን እኛ ለሌላው መንፈግ አይገባንም።

ስለ ገንዘብ ከረጢትም ቅዱስ ወንጌል የሚለንን እናስተውል። የዮሐንስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ የሐዋርያትን ከረጢት የያዘው ይሁዳ እንደነበረና ከውስጡም ይሰርቅ እንደነበር ይነግረናል። ይሁዳ ከ12ቱ አንዱ ነበር፤ ጌታን በየቀኑ ይከተል ነበር። በ20ኛው ምዕራፍ ደግሞ ካላየሁ አላምንም ያለውን ቶማስን እናገኛለን። ሌሎቹ ሐዋርያት ቶማስን ምን አደረጉት? ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ሲመጣ ቶማስ አብሯቸው በቤት ውስጥ ነበር። አላባረሩትም፤ እንዳመነ እንዲያስመስልም አላስገደዱትም። ቶማስ ጌታውን ያገኘው ወንድሞቹ ቦታውን ስላልቀሙት በዚያው ቤት ነው። ቢያባርሩት ኖሮ የት ያገኘው ነበር?

እንግዲህ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ሐሳብ አንድ ነው። የሰውን ታማኝነት በሥራው እንመዝን፤ ስለ እምነቱ ደግሞ በፍቅር እንነጋገር፤ ሁለቱን አናደባልቅ። ሒሳብ መጠየቅ ካስፈለገ የሚያምነውንም የማያምነውንም እኩል እንጠይቅ፤ ማተብ ያሰረ ሁሉ ከሒሳብ ነጻ አይሁን። «ሃይማኖት የለውም» የሚለውን ቃል «ሌባ ነው» ወይም «ጨካኝ ነው» ለማለት አንጠቀምበት፤ ሌባን ሌባ፣ ጨካኝን ጨካኝ እንበል። «ማመን አልቻልኩም» ብሎ የነገረን ሰው ሲኖር እውነት በመናገሩ እናመስግነው፤ ምክንያቱን ሳንቸኩል እንስማው፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ እንዳዘዘን ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን በየዋህነት እንመልስ፤ መልስ ካጣንም አላውቅም እንበልና መምህራንን እንጠይቅ። ይህ እምነታችንን ማላላት አይደለም። እግዚአብሔር የሚፈልገው በእውነት የሚያመልከውን እንደሆነ ካመንን፣ የሐሰት አምልኮ ለእርሱ ክብር አይጨምርም።

ስለ ጓደኛችን የቀረውን እንናገር። ከቡናው በኋላ በማግሥቱ ሦስት ሆነን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ብዙ አልተናገረም። ደብተሩን መልስ ብንለው ሙስሊሙ ጓደኛችን በደንብ ስለያዘው ይቀጥል አለ። መዋጮውን ግን አላቋረጠም፤ በየወሩ ከሁላችን ቀድሞ የሚያስገባው እርሱ ነው። ካሁን በኋላ የያዘው ማንም ይሁን ማን ደብተሩ በየ3 ወሩ በሁላችን ፊት እንዲነበብ ወስነናል። ያመነም ያላመነም፣ ሁላችንም ለአንድ ሒሳብ እንቆማለን። ለዚያ ጥያቄው፣ «ዛሬ ምን አጠፋሁ?» ላለን፣ መልሳችንን ዘግይተን አገኘን፤ ምንም አላጠፋህም፤ ያጠፋነው እኛ ነን።

እርሱ ተመልሶ እንዲያምን እንጸልያለን፤ ይህንንም አንደብቀውም፣ እርሱም ያውቀዋል። ነገር ግን ከጸሎታችን በፊት የሚያስፈልገው አንድ ነገር እንዳለ ተረድተናል። በእኛ ዘንድ እውነት ተናግሮ በሰላም የሚቀመጥበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። እግዚአብሔር አምላክ እኛንም እርሱንም በእውነት ያኑረን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።